የሜዳ ጠመንጃ

«አባትሽ አጋዘን የሚያድነው ጫካ ውስጥ ነው ወይስ ሜዳ ላይ?»

ጠመንጃ ሠሪው ይህን ሲጠይቀኝ እሱ ራሱ የሰጠኝን ከረሜላ ጉንጬ ውስጥ ወትፌ ነበርና ለማሰብ ጊዜ አገኘሁ። ጊዜው ግን ምንም አልጠቀመኝም። ጫካውን አውቀዋለሁ፤ ከጓሯችን ነው የሚጀምረው። ሜዳ የሚባል ነገር ግን ልጆች ኳስ ከሚጫወቱበት ቦታ ሌላ አይቼ አላውቅም፤ እዚያ ደግሞ ፍየል እንጂ አጋዘን ገብቶ አያውቅም።

ወደ እናቴ ዞር አልኩ። የሰፋቻቸውን የጠመንጃ ማንገቻዎች ጠረጴዛው ላይ እየዘረጋች ነበር።

«ልጅ ምን ታውቃለች? እኔን ጠይቀኝ እንጂ» አለችው። «ጫካ ነው። ሌላ ምን አለን?»

«እኔም ጫካ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ረዥም አፈሙዝ ነው ያዘዘኝ።»

የእናቴ እጅ ማንገቻው ላይ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ መዘርጋቷን ቀጠለች። «ተሳስቶ ይሆናል» አለች። «ሥራውን አትጨርሰው። አነጋግረዋለሁ።»

ሰውየውን ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ሞረድ ነው የሚለው። አንድም ቀኑን ሙሉ ብረት ስለሚሞርድ ነው፤ አንድም ምላሱ ሻካራ ስለሆነ። ሱቁ ጠባብ ነበር፤ ዘይትና የተቃጠለ ብረት ይሸታል። መሬቱ ላይ የብረት ፍቅፋቂ ያብረቀርቃል፤ እናቴም ወደ ቤት ስንመለስ ሁልጊዜ የጫማዬን ሶል በቢላ ትፈቀፍቅልኝ ነበር። እሱ ጠመንጃውን ይሠራል፣ እናቴ ማንገቻውንና ከረጢቱን ትሰፋለች። ስለዚህ እናቴ ስለ ጠመንጃ የምታውቀው ከብዙ አዳኞች ይበልጥ ነበር። አፈሙዙ፣ ማለትም ጥይቱ የሚያልፍበት ቧንቧ ብረት፣ ከፋብሪካ ሲመጣ ረዥም ነው። ጋሽ ሞረድ ነው ለባለቤቱ በሚሆነው ልክ የሚቆርጠው። ለጫካ አጠር ይላል፤ ቅርንጫፍ እንዳይይዘው፣ አዳኙም በቶሎ እንዲያዞረው። ለሜዳ እንዳለ ይተዋል፤ ጥይቱ ጉልበት ይዞ ሩቅ እንዲሄድ። አንዴ ከተቆረጠ ደግሞ የሚቀጥለው የለም።

ይህን ሁሉ ያኔ ሰምቼዋለሁ። ሰማሁት እንጂ አልገባኝም።

ማታ እራት ላይ እናቴ ነገሩን አነሳችው። አያቴ፣ የአባቴ እናት፣ መስኮቱ ሥር ወንበሯ ላይ ነበረች። ጆሮዋ ትንሽ ደከም ቢልም የሚጣፍጥ ወሬ አያመልጣትም።

«ይኼ ረዥም አፈሙዝ ከየት የመጣ ነገር ነው?» አለች እናቴ።

«ጥይቱ ሩቅ ይሄዳል» አለ አባቴ። «አይዛነፍም።»

«እዚህ ጫካ ውስጥ ሩቅ የት አለ? ሁለተኛው ዛፍ ላይ አይደል የሚቆመው?»

አያቴ ሳቀች። «ዛፍ አድኖ ያመጣልናላ! ሥጋውን በመጋዝ እንከፋፈላለን።»

አባቴም ሳቀ። ሳቁ ቤት ይሞላ ነበር። «እማዬ ደግሞ! ይልቅ ዘንድሮ አጋዘኑ ሰው ለምዶ ተንኮለኛ ሆኗል፤ ሩቅ ነው የሚቆመው።»

«ቅርንጫፍ ይይዝብሃል» አለች እናቴ። «አንተ አጎንብሰህ ስታልፍ ጠመንጃው ከኋላ ይቀራል።»

«እጠነቀቃለሁ።»

«ትከሻዬን እያልክ ስታቃስት አልነበር? ረዥሙ ይከብዳል።»

«ክብደቱ እኮ ነው ደጉ ነገር። ከፊት ሲከብድ እጅ አይንቀጠቀጥም።»

«እጅህ መንቀጥቀጥ የጀመረው መቼ ነው?»

«አርጅቻለኋ!» አለና ጠቀሰኝ። እኔም በሁለቱም ዓይኔ ጠቀስኩት፤ በአንድ ዓይን መጥቀስ ገና አልቻልኩም ነበር።

እናቴ አልሳቀችም። «ሰው የለመደውን ማደን አይቀልም እንዴ?»

«ይቀላል» አለ አባቴ፣ ሳህኑን እየገፋ። «ግን አያስደስትም።»

አያቴ «በል ብላ፣ ሲቀዘቅዝ ሌላ ነው» አለችው። እኔ በልቤ አባቴን ደገፍኩ። እናቴ የሚያምር ነገር አትወድም፤ ለእኔም ሰፊ ቀሚስ ነው የምትገዛው፣ ለሚቀጥለው ዓመት እንዲሆነኝ ብላ። ጠመንጃም አጭር ይሁን ትላለች። አባቴ ግን ከራሱ በላይ የሚታይ ረዥም ጠመንጃ አንግቶ በመንገዱ ሲያልፍ፣ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ አፋቸውን ከፍተው ሲያዩት ታየኝ። ስለ አጋዘን ብቻ የሚያወሩ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ያችን «አያስደስትም» ሳስታውሳት ጆሮዬ ይግላል።

ጋሽ ሞረድ አንድ የማይለውጠው የሥራ ልማድ ነበረው። ባለ ጠመንጃው መጥቶ አጋዘን እንዴት እንደሚገድል በሰውነቱ ካላሳየው አፈሙዝ አይቆርጥም። «በአፍህ አትንገረኝ፤ አሳየኝ» ይላል። በአፍ ሲሆን ሁሉም ከተራራ ተራራ ተኩሶ የሚጥል ነው፤ ሲያሳይ ግን ይለያል። አንድ ጊዜ ወፍራሙ ሥጋ ሻጭ በደረቴ ተኝቼ ነው የምተኩሰው ብሎ ሱቁ ወለል ላይ ተዘረጋና መነሳት አቃተው። ጋሽ ሞረድና እናቴ በሁለት ክንዱ ጎትተው አነሱት። «አንተ የምትፈልገው ጠመንጃ አይደለም፣ ክሬን ነው» አለው ጋሽ ሞረድ።

የአባቴ ተራ ሲደርስ ሦስታችንም አብረን ሄድን። እናቴ ማንገቻ ለማድረስ ነው ብላለች። እኔ እንዳይቀርብኝ ብዬ ነው።

ጋሽ ሞረድ አፈሙዙ ገና ያልተቆረጠውን ጠመንጃ አባቴ እጅ ላይ አስቀመጠ። «እንግዲህ አጋዘኑ መጥቷል» አለው። «ወዴት ትላለህ?»

የሚያደርገውን የማውቅ መስሎኝ ነበር። ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ አሳይቶኛል፤ ከበሩ ኋላ ይደበቃል፣ በሩ ዛፉ ነው፣ አንድ ጉልበቱን መሬት አስነክቶ አንገቱን ያወጣል፣ እኔ አጋዘን ሆኜ እሸሻለሁ። አሁንም ከበሩ ኋላ ይገባል ብዬ ጠበቅኩ።

አባቴ ግን ወደ በሩ ሄዶ ደፉ ላይ ቁጭ አለ።

ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ። አንዱን እግሩን ወደ ታች ዘረጋው፣ ሌላውን ከፍ አድርጎ አጠፈው። ክርኑን ጉልበቱ ላይ አሳረፈና ጠመንጃውን ክንዱ ላይ አስተኛው። እንዲህ የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ እዚያው የተቀመጠ ሰው ነው። ትከሻው ወረደ። ፊቱ ለሰለሰ። ከመንገዱ ማዶ የዳቦ ቤቱ ግድግዳ ነበር፤ እሱ ግን ግድግዳውን አሳልፎ የሚያይ ይመስል ነበር።

«ጠዋት ፀሐይ ከጀርባህ ናት» አለ። «ሣሩ እስከ ጉልበት ይደርሳል። እነሱ በዚያ በኩል ወደ ውሃው ይወርዳሉ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብለህ ሻይህን ሳትጨርስ ይታዩሃል።»

«ደረጃው ላይ?» አለ ጋሽ ሞረድ።

«አዎ፣ ሁለተኛው ላይ። የመጀመሪያው ይወዛወዛል፤ ገና አልጠገንኩትም።»

አባቴ ቀስ ብሎ ተነሳ፤ ምንም ያልነካውን ሱሪውን አራገፈ። የእኛ ቤት ደረጃ አልነበረውም። ከበሩ ወጥተህ አፈር ነው የምትረግጠው።

«ረዥሙን ስጠው» አለች እናቴ።

ጋሽ ሞረድ መጋዙን እንደያዘ ዞረ። «እህቴ፣ ትንሽ እንኳ ቀነስ ብናደርገው…»

«እንዳለ ይሁን። አትቁረጠው።»

«አየሽ? አልኩሽ እኮ» አለ አባቴ። ሲያሸንፍ እንደሚጮኸው አልጮኸም፤ ድምፁ ትንሽ ነበር። ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። በእኔ ቤት ነገሩ ሁሉ ግልጽ ነበር፤ አባቴ ሜዳውን እንዲህ አሳምሮ ሲያወራው እናቴም ወደደችው። ውሃ ያለበት፣ ሣሩ ጉልበት የሚደርስ፣ ደረጃ ያለው ቤት ልንገባ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ስለሚወዛወዝ ተጠንቅቄ እወጣለሁ ብዬም አሰብኩ።

አባቴ ትንባሆ ልግዛ ብሎ ሲወጣ ጋሽ ሞረድ ወደ እናቴ ጠጋ አለ። እኔ መሬት ላይ የብረት ፍቅፋቂ በጣቴ እየሰበሰብኩ ነበር።

«እጄ ቢስት ማን ያውቃል?» አላት። «አርጅቷል ይባላል፣ አለቀ። ከአፈሙዙ አራት ጣት ያህል ቆርጬ ብጥል እዚያ ሜዳ ላይ ረብ የለውም።»

«እጅህ እንዳይስት» አለች እናቴ።

የፈራው ለእጁ መሰለኝ፤ አሳዘነኝም። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እኔ ራሴ የመጀመሪያ ልጄን አዝዬ ማንገቻ ሳደርስለት፣ ጋሽ ሞረድ የቀረውን ነገረኝ። በማግስቱ ተመልሳ ሄዳ ነበር። «እንዳትሳሳት አደራ» አለችው። «ጠመንጃው አጭር ሆኖበት የሚቀር ባል ምን ያደርግልኛል?»

ከረጢቱን የሰፋችው እሷ ናት። ሸራውን መሬት ላይ ዘርግታ ጫፉን እኔን አስያዘችኝ፤ ከዚህ በፊት እንዲህ ረዥም ከረጢት ሰፍታ ስለማታውቅ ክፍሉ አልበቃትም፣ እግሬ ከበሩ ውጭ ነበር። አፉን በቆዳ ከፈፈችው። ክሩን ሰም እየቀባች ስፌቱን ሁሉ ሁለት ጊዜ ደገመችው።

«ለምን ሁለቴ?» አልኳት።

«እንዳይተረተር።»

ለአባቴ ብላ የተጠነቀቀች መሰለኝ። አሁን እኔም ከረጢት እሰፋለሁና አውቀዋለሁ፤ ሁለቴ የተሰፋ ከረጢት ለጥገና አይመለስም። ባለቤቱም አይመለስም።

«እማዬ፣ እዚያ ስንሄድ መስፊያሽን የት ታስቀምጪዋለሽ?»

«የት ስንሄድ?»

«ደረጃ ያለው ቤት።»

መርፌውን ሸራው ላይ ሰክታ ተወችው። «ማን ነው የነገረሽ?»

«አባዬ ለጋሽ ሞረድ ሲነግረው ሰማሁ እኮ።»

ትኩር ብላ አየችኝ። «እንዲያ ነው» አለችና ጫፉን ጠበቅ አድርጌ እንድይዝ ነገረችኝ። ሌላ ምንም አላለችኝም። ለምን እንዳልነገረችኝ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። እኔ ልጆቼ አንድ ሲጠይቁኝ አሥር እመልሳለሁ፤ አባታቸው ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ትንሽ ቢቆይ እንኳ የት እንዳለ፣ ለምን እንደቆየ፣ በየት በኩል እንደሚመጣ እዘረዝርላቸዋለሁ። ትልቋ ልጄ «እማ፣ በቃ ገባኝ» ትለኛለች። አልተዋትም።

ማንም ያልነገረኝን እኔ ለሰፈሩ ልጆች ነገርኩ። ቀሚሴንና ማበጠሪያዬን በአሮጌ ሻሽ ቋጠርኩ። አያቴ ስቋጥር አየችኝ።

«ወዴት ነው መንገዱ፣ የኔ ጉድ?»

«ሜዳው። ደረጃ ያለው ቤት አለን። አባዬ ነው የሚጠግነው።»

«እኔንስ ትወስጂኛለሽ?»

«አዎ፤ ደረጃው ስለሚወዛወዝ እጅሽን እይዝሻለሁ።»

ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ምርኩዟን አንስታ አባቴ እንጨት ወደሚፈልጥበት ጓሮ ወጣች። ተከትዬያት ከግድግዳው ጥግ ቆምኩ። እሷ ጆሮዋ ስለሚደክም ስታወራ ትጮኻለች፤ አባቴ «እማዬ፣ ቀስ በይ» እያለ ይለምናታል። ብዙውን አልያዝኩትም። አንዱን ግን ጥርት አድርጌ ሰማሁ። «አርግዛለች» አላት አባቴ። አያቴ ምርኩዟን መሬት ላይ ተከለች።

እርጉዝ አጋዘን እንደማይገደል አባቴ አስተምሮኛል። አንዷን ሳያውቅ መትቶ ይሆናል፣ ለዚያ ነው እንዲህ አንገቱን የደፋው ብዬ አሰብኩ። ሜዳው ላይ ያለች ሴት ልትሆን እንደምትችል አልመጣልኝም። ላጽናናው ፈልጌ ሄጄ እግሩን አቀፍኩት። ጭንቅላቴን ዳበሰኝ። እጁ የእንጨት ሽታ ነበረው።

በዚያ ዓመት ትምህርት ቤት ልገባ ታስቦ ነበር። ከአባቴ መሄድ በኋላ ግን ማንገቻ መስፋት ገባሁ፤ ሁለት ሆነን ካልሰፋን አንበላም ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን አሳድጌ፣ በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ አስተማሪ ፊት ተቀምጬ ነው።

የሄደበት ቀን ጠዋት የእንጨት ጫኝ መኪና በራችን ላይ ቆመ። ሹፌሩ የአባቴ ጓደኛ ነበር፤ ከመሪው አልወረደም፣ እናቴንም አላያትም። ጎረቤቶች የሚጠረግ ነገር የሌለበትን መንገድ ለመጥረግ መጥረጊያ ይዘው ወጡ። አባቴ መጥረቢያውን ጫነ፣ ብርድ ልብሱን ጫነ። ረዥሙን ከረጢት በሁለት እጁ አቅፎ ወጣና ከሁሉ በላይ አስተኛው።

እኔም በጎማው ላይ ተንጠላጥዬ ወጣሁና ጥቅሌን ጭኔ ላይ አድርጌ ብርድ ልብሱ ላይ ተቀመጥኩ። ለእናቴም ከጎኔ ቦታ ያዝኩላት።

«አይጢት» አለ አባቴ። ሲያቆላምጠኝ እንዲህ ነበር የሚለኝ። «ውረጂ።»

«ቦታ አለ እኮ፣ አባዬ። ይኸው፣ ጠጋ እላለሁ።»

«ቆይቼ እወስድሻለሁ። ውረጂ አሁን።»

አልወረድኩም። ብብቴን ይዞ አወረደኝ። ቀሚሴ ከመኪናው ጎን ጋር ተያዘና ጫፉ ተቀደደ። እሱ አላየውም። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ክንዷን አጣጥፋ፣ አንድ እርምጃ ሳትወጣ።

አባቴ ወደ ቤት ገብቶ የአያቴን ሳጥንና ወንበሯን ተሸክሞ ወጣ። የአያቴን ልብስ ሳጥኑ ውስጥ አጥፋ የከተተችው እናቴ ናት፤ ከማለዳው ጀምሮ ስታጥፍ አይቻታለሁ። እናቱ ናት፣ ከልጇ ጋር ትሄዳለች፣ ይህ ማንም የሚከራከርበት አልነበረም።

«እማዬ፣ ነይ» አላት። «አንቺ ፊት ነሽ፣ ከሹፌሩ ጋር።»

አያቴ በምርኩዟ እየተደገፈች መጣች። መኪናው ጋ ደረሰችና ቆመች። እኔን አየች፣ የተቀደደውን ቀሚሴን አየች።

«ልጅቷን ለምን አወረድካት?»

«ቦታ የለም፣ እማዬ።»

«ለእኔ ቦታ ያለው ለእሷ ምን በላው? እኔ እኮ ከእሷ እወፍራለሁ።»

መጥረጊያ ከያዙት አንዷ ሳቀች፤ ወዲያው አፏን ያዘች።

«ነገር አታክብጂ፣ እማዬ። በሰው ፊት…»

«ሰውማ አይቶ ጨርሷል። ሳጥኔን አውርድልኝ።»

«እናቴ አይደለሽም እንዴ?» አላት። እንደ ልጅ ነበር ያለው።

«ነኝ» አለች አያቴ። «የወለድኩትን አውቀዋለሁ። ሳጥኔን።»

እናቴ ያን ጊዜ ነው ከበሩ ላይ አፏን የከፈተችው። «እማማ፣ ይሂዱ። እኔ ምንም አልልም። እዚህ ምን አለኝና ነው የማኖርዎ?»

«ዝም በይ አንቺ» አለቻት አያቴ ዞር ሳትል። «ወገቤን ያመኛል። በዚህ ወገብ መኪና አልወጣም።»

እኔም ወገቧን አሟት ነው ብዬ አመንኩ። ዓመታት አመንኩ። በዚያው ሳምንት የጎረቤት ድመት ልታባርር አጥራችን ላይ ወጥታ እናቴ ስትጮህባት በዓይኔ እያየሁ እንኳ፣ ወገቧ ነው ያስቀራት ስል ኖርኩ።

አባቴ ሳጥኑን መሬት ላይ አስቀመጠው። ወንበሩንም አወረደ። ለመቀመጥ የሚመች ቦታ ላይ፣ ጥላው ጋ፣ አስተካክሎ አቆመው። እናቱ ግን ወንበሩ ላይ አልተቀመጠችም። እጄን ይዛ ቆመች። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሳ።

አባቴ ወደ ሜዳው ሄደ። እናቴና እኔ ቀረን። የእሱ እናት ከእኛ ጋር ቀረች፤ የቀበርናትም እኔና እናቴ ነን።